የአያቴ ቆጠራ

ከሴኡል ወደ ቹንቾን የሚሄደው ባቡር ባለ ሁለት ፎቅ ፉርጎዎች አሉት። ላይኛው ሞልቶ ስለነበር ታችኛው ደረሰኝ። መስኮቱ ከጣቢያው ወለል ጋር እኩል ነው፤ ባቡሩ እስኪንቀሳቀስ ድረስ የሚታየኝ የሰው ጫማ ብቻ ነበር። አያቴ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ወንበር መርጠው ይቀመጡበት ነበር። ሰውን ከእግሩ ጀምረው ነበር የሚያዩት። እንግዳ ቤት ሲገባ እኛ ፊቱን ስናይ እሳቸው ጫማውን አይተው ጨርሰዋል። ከወጣ በኋላ "ምስኪን፣ የግራው ውኃ ያስገባበታል" ይላሉ፤ ስለ ሰውዬው ሌላ የሚሉት ነገር የለም።

ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ነበር የመጣሁት። ሥልጠናው ሐሙስ አለቀ፤ የመመለሻ በረራዬ ቅዳሜ ሌሊት ነው። መሐል ላይ ያለችው ዓርብ የራሴ ሆነች። አብረውኝ የመጡት ገበያ ለመውጣት ሲሰናዱ እኔ "አያቴ ጋ ልሄድ ነው" አልኳቸው። አያቴ ከሞቱ አራት ዓመት እንዳለፋቸው ያውቃሉ። አንዷ ትከሻዬን ነካ አድርጋ "ሰላም በይልን" አለችኝ።

ኅዳር እየተጋመሰ ነበር። ባቡሩ ከከተማው ከወጣ በኋላ የሃን ወንዝን ሰሜናዊ ገባር እየተከተለ ዋሻ ገብቶ ዋሻ ይወጣል። በየዋሻው መሐል ተራራ፣ ከተራራው ሥር ውኃ፣ ከውኃው ማዶ ደግሞ ሌላ ተራራ። ሁሉም በጥድና በሌላ የማላውቀው ዛፍ ጥቅጥቅ ብሏል። ይህ ግራ አጋባኝ። አባባ የምንላቸው አያቴ የመንዝ ሰው ናቸው፤ ስለ ኮሪያ ሲጠየቁ መልሳቸው ዘወትር አንድ ነበር። "ኮሪያ ማለት መንዝ ናት። ተራራ፣ ብርድ፣ ዛፍ የሚባል ነገር የለ።" እኛ ልጆቹ ኮሪያን የምናስባት ራቁት ተራራ አድርገን ነው። ለካ እሳቸው ያዩዋት መድፍና ማገዶ የጨረሷትን ኮሪያ ነው። ዛፉን የተከሉት እሳቸው ከተመለሱ በኋላ ነው፣ መንግሥትና ሕዝብ በዘመቻ ወጥተው። አያቴ ለሰባ ዓመት ያህል ሲያስታውሱት የኖሩት አገር ከመስኮቱ ውጭ አልነበረም። ትንሽ ከፋኝ፤ ለምን እንደከፋኝ ግን አላውቅም። ለዛፍ የሚከፋ ሰው አለ?

የዘመቱት በ1945 ዓ.ም. ነው፣ ከሦስተኛው ቃኘው ሻለቃ ጋር፣ በሃያ አንድ ዓመታቸው። የመጀመሪያው ሻለቃ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ እየተመራ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ በምድር ባቡር ጅቡቲ ወርዶ፣ በአሜሪካ መርከብ ሦስት ሳምንት ያህል ተጉዞ ፑሳን ገብቷል። ስሙን ያወጡለት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፤ ቃኘው የአባታቸው የራስ መኮንን ፈረስ ነው። በሰኔ 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ቆመው ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት ብለው ሰሚ ያጡ ንጉሥ፣ ተራው የሌላ ሕዝብ ሲሆን "እኛን ማን ሰማን" ብለው እጃቸውን ቢያጣጥፉ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። እሳቸው ግን የክብር ዘበኛቸውን ላኩ። ከአፍሪካ እግረኛ ጦር የላከች ኢትዮጵያ ብቻ ናት። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከመጽሐፍ ነው። የአባባ ትርጓሜ አጠር ያለ ነበር፦ "ጃንሆይ ሂዱ አሉ፣ ሄድን።"

ስለ ኮሪያ የሚያወሩት ሦስት ነገር ብቻ ነበር። አንደኛው ባሕሩ ነው፤ መርከቡ ላይ ሆነው የመንዝ ገበሬ ልጆች ውኃው ወዴት እንደሚፈስ ሲከራከሩ መሰንበታቸው። ሁለተኛው ክረምቱ ነው። የኮሪያ ዝናብ እንደኛው በሐምሌ ነው የሚወርደው። ምሽጉ ውኃ ይሞላል፤ እነ አባባ እርጥብ ካልሲያቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው በገላቸው ሙቀት ያደርቁ ነበር። "እግሩ የረጠበ ወታደር ግማሽ ወታደር ነው።" ይህን ዓረፍተ ነገር ትምህርት ቤት ስንሄድ፣ ሠርግ ስንሄድ፣ አንዴም አክስቴ ለዩኒቨርሲቲ ፈተና ስትወጣ ሰምቼዋለሁ። ሦስተኛው ሕፃናቱ ናቸው፤ ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

ስለ ውጊያው አንድም ቀን አላወሩም። እኔ የማውቀው ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል የሚባል አሜሪካዊ የጦር ታሪክ ጸሐፊ በ1956 እንደ ፈረንጆቹ ካሳተመው መጽሐፍ ነው። ሰውዬው አያቴ በዘመቱበት የፀደይ ወራት ግንባር ላይ እየተዘዋወረ ከሌሊት ቅኝት የሚመለሱትን ወታደሮች ይጠይቅ ነበር፤ ከመጽሐፉ ጥቂት ምዕራፎች ስለ ኢትዮጵያውያኑ ናቸው። እጅግ የገረመው ነገር፣ የወደቀ ጓዳቸውን፣ ሞቶም ቢሆን፣ ጥለው አለመመለሳቸው ነው። የተዋጉበት ተራራ ፖርክ ቾፕ ይባላል፤ ከላይ ሲያዩት የአሳማ ጎድን ቁራጭ ስለሚመስል አሜሪካኖቹ ያወጡለት ነው። ረቡዕና ዓርብን ግንባር ላይም ሳይቀር ለመጾም የሚታገሉ የመንዝ ልጆች በአሳማ ጎድን ሥር ሲዋጉ እንደከረሙ ማን ነግሯቸው እንደሆነ እንጃ። አባባ አያውቁም ነበር መሰለኝ። ቢያውቁ ኖሮ ንስሐ አባታቸው ዘንድ መሄዳቸው አይቀርም።

ቹንቾን ስደርስ ብርዱ ፊቴን በጥፊ መታኝ። ከጣቢያው ታክሲ ያዝኩ፤ ለሾፌሩ ከስልኬ ላይ አድራሻውን ሳሳየው ዞር ብሎ ፊቴን አየ፣ መንገዱን አየ፣ እንደገና ፊቴን አየ። ከዚያ አንድ ቃል ብቻ አለ፦ "ኢዲዮፒያ?" ራሴን ነቀነቅኩ። እሱም ነቀነቀ። ሌላ የምንነጋገርበት ቋንቋ ስላልነበረን እስክንደርስ ድረስ በየትራፊክ መብራቱ ራስ ስንነቀንቅ ሄድን።

የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ ጎንጂቾን በሚባል ወንዝ ዳር ነው። በ1999 ዓ.ም. የተከፈተ ሕንፃ ነው፤ ጣሪያው እንደ ጎጆ ቤት ሾጣጣ ነው። አጠገቡ ያለው ሐውልት ግን የቆየ ነው። በግንቦት 1960 ዓ.ም. ሲመረቅ ጃንሆይ ራሳቸው ተገኝተዋል። ቦታው እዚህ የሆነበት ምክንያት አለው፤ ቃኘው የተዋጋባቸው ተራሮች ከዚህ ወደ ሰሜን ናቸው። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ የመጡትን ጨምሮ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደዚህ አገር መጥተዋል። ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ። የተማረከ የለም፤ አንድም። ፑሳን በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር የብዙ አገር ወታደሮች አርፈዋል፤ ከኛ ግን አንድም እዚያ የቀረ የለም። አፅማቸው ተመልሶ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው ያረፈው። ልጅ ሆኜ አባባ እዚያ ይዘውኝ ሲሄዱ መቃብሮቹ መሐል ቀስ ብለው ይራመዳሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጸሎት እያደረሱ ይመስለኝ ነበር።

ውስጥ ገብቼ ዩኒፎርሙን፣ መሣሪያውን፣ ፎቶዎቹን አየሁ። የአያቴን ፊት ፈለግኩ፤ አላገኘሁትም። ፎቶዎቹ ላይ ያሉት ልጆች ሁሉ ግን እሳቸውን ይመስላሉ፦ ቀጫጭኖች፣ የራስ ቁራቸው የሰፋቸው፣ ካሜራውን እንደ አለቃ የሚያዩ። መሄድ ስጀምር አንዱ እጅጌ ላይ የተሰፋውን ምልክት አየሁና ቆምኩ። ክብ ነው፤ ቀዩ መደብ ላይ ሁለት ጥቁር ሦስት ማዕዘኖች ጫፍ ለጫፍ ገጥመዋል። የቃኘው ሻለቃ የተመደበበት የአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ምልክት ነው፣ የአሸዋ ሰዓት። እኛ ቤት ግን የአሸዋ ሰዓት ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። እኛ "ሁለቱ ሲኒ" ነበር የምንለው፤ ሁለት የቡና ሲኒዎች ቂጥ ለቂጥ ተጋጥመው ይመስላሉና።

ሁለቱ ሲኒ ለአሥራ ሰባት ዓመት ፍራሽ ውስጥ ኖሯል። ታሪኩን ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ። አባባ ከኮሪያ ተመልሰው እማማን አገቡ፣ ክብር ዘበኛ ውስጥ ሃምሳ አለቃ ሆኑ፣ ጉለሌ ሁለት ክፍል ቤት ሠሩ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. አዛዣቸው ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከወንድማቸው ጋር በንጉሡ ላይ ሲነሡ፣ አባባ የታዘዙበት ቦታ ቆመው ነበር፤ ለምን እንደቆሙ እንኳ የነገራቸው የለም። ግርግሩ ሲከሽፍ እንደ ብዙ ጓደኞቻቸው ታሰሩ። ሲፈቱ ሥራ የለም። በመጨረሻ አንድ መጋዘን ጥበቃ ተቀጠሩ። ይህን ሲያወሩ ብቻ ነበር ሲቀልዱ የሰማኋቸው፦ "ክብሩ ወደቀና ዘበኛው ቀረልኝ።" ሃያ ስምንት ዓመት ዘበኛ ሆነው ሰባት ልጆች አሳደጉ። ደመወዝ በወጣ ቀን የሚገዙት የመጀመሪያ ነገር የአንድ ልጅ ጫማ ነው፤ በየወሩ አንድ ልጅ፣ በተራ። ሰባተኛው ልጅ ጋ ሲደርሱ የመጀመሪያው ጫማ አልቆ ይጠብቃቸዋል።

ከዚያ ደርግ መጣ። ወዳጅ አገር የተባለችው ሰሜን ኮሪያ ሆነች። ከደቡቦቹ ጋር ሆኖ፣ በንጉሥ ትእዛዝ፣ ከአሜሪካ ጦር ሥር መዋጋት በአንድ ጊዜ ሦስት ወንጀል ሆኖ አረፈው። ሰፈር ውስጥ ሁሉም "ጋሽ ኮሪያ" ይላቸው ነበር፤ ስሙ በአንድ ሳምንት ጠፋ። ማንም ሳይመክር "ጋሽዬ" ብቻ ሆኑ። ሰፈሩ እንዲህ ያለ ጥበብ ነበረው። እማማ ሜዳልያዎቹን በፌስታል ጠቅልላ ጓሮ ቀበረች፤ ምልክቱን ግን ብረት ስላልሆነ መሬት ይበላዋል ብላ ፍራሽ ውስጥ ሰፋችው። በዚያ ፍራሽ ላይ የተኛነው ልጆችና የልጅ ልጆች ሁሉ ሳናውቅ ሰባተኛ ክፍለ ጦር ላይ ነው ያደግነው።

ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የትግላችን ሐውልት በ1977 ዓ.ም. ሲቆም፣ የሠሩት ሰሜን ኮሪያውያን ናቸው። አባባ ከእናቴ ጋር በአውቶቡስ ሲያልፉ ሐውልቱን ቀና ብለው አዩትና "እነዚህን እንኳ አውቃቸዋለሁ" አሉ አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ሳያደርጉ። እናቴ ይህን ስታወራ እስካሁን ዙሪያዋን ታያለች።

ከአዳራሹ ወጥቼ መንገዱን ተሻገርኩ። ማዶ አንድ ቡና ቤት አለ፤ ሐውልቱ ከተመረቀ በኋላ የተከፈተ፣ "ኢዲዮፒያ ቤት" የሚባል። "ቤት" የምትለዋ የራሳችን ቤት ናት፤ ስሙን ያወጡት ጃንሆይ ናቸው ይባላል። ኮሪያውያን ከፍሬው የተፈላ ቡና ጠጥተው ከለመዱባቸው የመጀመሪያ ቤቶች አንዱ ነው። በወንዙ በኩል ያለ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። አስተናጋጇ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ፤ ስነግራት ሁለት እጇን አጋጥማ ጎንበስ አለች። የአያቴን ፎቶ ከስልኬ አሳየኋት፤ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ሜዳልያቸውን ደርድረው። በዚህ ጊዜ ጎንበስ ያለችው ለስልኩ ነው።

ይህ መጎንበስ ዱሮ ጣጣ አስነሥቶብን ያውቃል። ኢሕአዴግ ከገባ በኋላ ኮሪያኖቹ ዘማቾቹን እየፈለጉ መጡ። አንድ ቀን አራት ተማሪዎች ከአስተርጓሚ ጋር ቤታችን መጡ፤ "ሃራቦጂ" እያሉ፣ አያታችን ማለት ነው። አባባን ወንበር ላይ አስቀመጧቸውና አራቱም በአንድ ጊዜ ተንበርክከው ግንባራቸውን መሬት አስነኩ። የኮሪያ ልጆች አያታቸውን እንደዚያ ነው የሚያከብሩት። አባባ ግን ደነገጡ። "ኧረ ተነሡ፣ ኧረ በሥላሴ!" እያሉ ብድግ አሉ። ልጆቹ እንደተደፉ ናቸው። አባባ ሌላ የሚያውቁት ነገር ስላልነበረ ተረከዛቸውን አጋጭተው ሰላምታ ሰጧቸው፤ ልጆቹ እስኪነሡ እጃቸውን ከግንባራቸው አላወረዱም። እማማ ከጓዳ ብቅ ብላ ይህን አየችና "ቆይ፣ ማን ነው የማረከው?" አለች።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ከኮሪያ ለዘማቾች የተላከ የአፍ መሸፈኛ በካርቶን ደረሳቸው። ለሰፈሩ አከፋፈሉት። እሳቸው ግን አንዱን ብቻ ይዘው እያጠቡ ሲያደርጉት ከረሙ፤ ታጥቦ የሚደረግ ዓይነት እንዳልሆነ ብነግራቸው "መሣሪያ ሲሰጡሽ ትጠብቂያለሽ" አሉኝ።

ከቡና ቤቱ ወጥቼ ወንዙ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ቹንቾን በዶሮ ጥብሷ የታወቀች ናት፤ ሽታው ከሩቅ ይጣራል። ጾመ ነቢያት ገብቷል፣ በዚያ ላይ ዓርብ ነው። ከቦርሳዬ ከቤት የያዝኩትን ቆሎ አውጥቼ ቃምኩ። ውኃው ላይ በዝይ ቅርጽ የተሠሩ ነጫጭ የፔዳል ጀልባዎች ታስረው ተደርድረዋል። ጊንኮ የሚባለው ዛፍ ቅጠሉን እያራገፈ ነው፤ መሬቱ በሙሉ የእንቁላል አስኳል መስሏል።

የሕፃናቱን ነገር እመለስበታለሁ ብዬ ነበር።

ጦርነቱ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ቆመ። አባባ እንደሚሉት መድፉ ዝም ሲል መጀመሪያ የተሰማቸው የእንቁራሪት ጩኸት ነው። ሻለቃው ወዲያው አልተመለሰም። ዶንግዱቾን በሚባል ቦታ ኢትዮጵያውያኑ ከራሳቸው እያዋጡ ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን ሕፃናት የሚያሳድጉበት ቤት ነበር። አባባ እዚያ ለጥቂት ወራት ማታ ማታ ተረኛ ነበሩ። ሥራቸው ልጆቹ ከተኙ በኋላ በባትሪ መቁጠር ነው፤ አንዳንዶቹ እናታቸውን ፍለጋ ሌሊት ተነሥተው ይወጡ ነበርና። ቁጥሩን ያስተማሯቸው ልጆቹ ናቸው። ሃና፣ ቱል፣ ሴት፣ ኔት፣ ታሶት፣ ዮሶት፣ ኢልጎፕ።

ጉለሌም ያንኑ አደረጉ። ሌሊት ከመጋዘን ጥበቃ ተቀይረው ሲመጡ፣ ወይም ቀን ተረኛ ከሆኑ ከመኝታ በፊት፣ ባትሪያቸውን ይዘው ልጆቹ የተኙበት ክፍል በር ላይ ይቆማሉ። የየልጁን እግር በጋቢው ላይ ነካ እያደረጉ ይቆጥራሉ። ሃና፣ ቱል፣ ሴት። ሦስተኛው ወንድ ልጅ ነበር። በኮሪያ ቋንቋ ሦስት "ሴት" በመሆኑ ወንድሞቹና እኅቶቹ መቀለጃ አደረጉት፤ "ሴት" የቤት ስሙ ሆነ። ሲያለቅስ አባባ "ኮሪያ ብትሄድ የወንድ ቁጥር ነው" ይሉት ነበር አሉ። አድጎም፣ ኳስ ሜዳ ላይ ሳይቀር፣ "ሴት፣ አቀብለኝ!" ይባል ነበር። አላየሁትም፤ ይህን የነገሩኝ ሌሎቹ ናቸው።

በ1970 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር። አንድ ሌሊት መጥተው ወሰዱት። አባባ ስንቅ ይዘው ከቀበሌ ቀበሌ፣ ከከፍተኛ ከፍተኛ ዞሩ፤ የት እንዳለ ካወቁ በኋላ ለሁለት ወር ያህል በየቀኑ ምግብ አመላለሱ። አንድ ቀን በሩ ላይ ያለው ልጅ፣ የልጃቸው እኩያ ነው፣ "አባባ፣ ከእንግዲህ አታምጡ" አላቸው። አስከሬን አልተሰጣቸውም። የት እንደተቀበረም አልተነገራቸውም። ሳህኑን ይዘው ተመለሱ። እማማ እንደነገረችኝ ያን ማታ ምግቡ እንዳይበላሽ ብለው ልጆቹን ቀስቅሰው አበሉ፤ ከዚያ ባትሪውን አብርተው በሩ ላይ ቆሙ።

እኔ የማውቀው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ትምህርት ሲዘጋ የልጅ ልጆች ሁላችን ጉለሌ እንሰበሰባለን፣ እዚያው ክፍል፣ እዚያው ፍራሽ ላይ። አምስት ነን። ማታ ባትሪው በሩ ላይ ይበራል። "ሃና" የአክስቴ ልጅ እግር፣ "ቱል" የኔ እግር። ከዚያ ብርሃኑ ከፍራሹ ላይ ወርዶ ግድግዳው ሥር ባዶው ወለል ላይ ያርፋል። "ሴት።" ትንሽ ይቆያል። ከዚያ ይመለስና "ኔት፣ ታሶት፣ ዮሶት።" ስድስት ሆንን። አንድ ማታ፣ ሰባት ወይ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ መቁጠር በመቻሌ ኮርቼ "አባባ፣ አንድ አስበለጡ እኮ፤ እኛ አምስት ነን" አልኩ። ባትሪው ጠፋ። ከጨለማው ውስጥ የእማማ ድምፅ መጣ፦ "ዝም ብለሽ ተኚ። ቆጠራው ልክ ነው።"

ሲያርፉ ዘጠና ሊሆናቸው ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። የእድሩ ድንኳን ውስጥ አራት ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። አንዱ ዓይናቸው አያይም፤ የልጅ ልጃቸው መርቷቸው ሬሳ ሳጥኑን በእጃቸው ዳሰሱና ወደ እግሩ በኩል ሄደው ነካ ነካ አደረጉት። ለምን እንዳደረጉት አልጠየቅኳቸውም። ሁለቱ ሲኒ አብሯቸው ተቀብሯል፤ እናቴ ኮታቸው እጅጌ ላይ ሰፍታላቸው ነበር።

እንዲህ ሳስብ ወንዙ ዳር ባለው መንገድ መዋዕለ ሕፃናት መጣ። ቢጫ ጃኬት የለበሱ ትናንሽ ልጆች፣ ሁለት ሁለት ሆነው እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ፊት መምህርት፣ ኋላ መምህርት። ወንበሬ አጠገብ ሲደርሱ አቆሟቸው። የፊተኛዋ መምህርት ዞራ የልጆቹን አናት በጣቷ እየጠቆመች መቁጠር ጀመረች።

"ሃና፣ ቱል፣ ሴት..."

ከንፈሬ አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። ድምፅ ሳላወጣ እስከ ኢልጎፕ ድረስ አብሬያት ሄድኩ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አባባ አላስተማሩንምና እሷ ብቻዋን ቀጠለች። ጨረሰች፣ ቆመች። ፊቷ ተለዋወጠ። እንደገና ከመጀመሪያው፣ አሁን ፈጠን ብላ፣ ጮክ ብላ። እንደገና ቆመች። የኋለኛዋ መምህርት ዞር ዞር ማለት ጀመረች፣ ወደ ውኃው፣ ወደ ጀልባዎቹ። እኔም ሳላውቀው ተነሥቼ ቆሜያለሁ፤ ቆሎው መሬት ላይ ተበትኗል።

ከትልቁ የጊንኮ ዛፍ ጀርባ አንድ ልጅ ወጣ። ሁለት እጁ ሙሉ ቢጫ ቅጠል አቅፏል፤ የአንድ እግሩ ጫማ ማሠሪያ ተፈትቶ ይጎተታል። ሲፈለግ እንደነበር አላወቀም። ሮጦ መጥቶ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመ። የኋለኛዋ መምህርት ምንም ሳትለው ተንበርክካ ማሠሪያውን አሠረችለት። የፊተኛዋ ለሦስተኛ ጊዜ ከአንድ ጀመረች። እሱ ጋ ስትደርስ መጥታ አናቱን በእጇ ነካች።

"ዮል ሴት" አለች፤ አሥራ ሦስት። ልጆቹም እጅ ለእጅ ተያይዘው ሄዱ።